ሳትወለውሉት አንብቡት፦ የድሮ የብር ዕቃ ማን ሠራው? ከየት መጣ?

(ደሴ ውስጥ ለብር ሠሪዎች፣ ለድሮ ዕቃ ወዳጆችና የአያቶቻቸውን ንብረት ይዘው ለመጡ ቤተሰቦች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ። በዚህ ብርድ ከሰኞ ገበያም፣ ከፒያሳም፣ ከኮምቦልቻም ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ በጨርቅ ጠቅልላችሁ የያዛችሁት ነገር እንዳለ አያለሁ። ንግግሩ ሲያልቅ ጠረጴዛው ላይ አውጥተን አንድ በአንድ እናየዋለን። እስከዚያው አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማንም ሰው በነጠላው ጫፍ መወልወል እንዳይጀምር።

ዛሬ የማወራችሁ ከብር ማንኪያ ጀርባ፣ ከትሪ ሥር፣ ከስኳር ዕቃ ታች ስላሉት ጥቃቅን ምልክቶች ነው። ሰው ጭረት ይመስሉታል። ጭረት አይደሉም። ሆን ተብሎ የተመቱ ማህተሞች ናቸው። ዕቃው ከምን እንደተሠራ፣ በየትኛው ከተማ እንደተፈተሸ፣ በየትኛው ዓመት እንደሆነ፣ የማን እጅ እንደሆነ ይናገራሉ። የሚያነባቸው ሲጠፋ ግን ዕቃው በግራም ይመዘንና ይቀልጣል። የመቶ ዓመት ማንኪያ እሳት ገብቶ ጉትቻ ሆኖ ይወጣል። ከዚያ በኋላ ማን እንደሠራው የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ የምላችሁ ነገር አንድ ነው። ከመወልወላችሁ፣ ከመሸጣችሁና ከማቅለጣችሁ በፊት ማህተሙን አንብቡ፤ ያነበባችሁትንም ጻፉ።

«ደሴ ላይ የእንግሊዝ ማንኪያ ምን ይሠራል?» የሚል አይጠፋም። ደሴ እኮ የንጉሥ ሚካኤል መቀመጫ ነበረች። አይጠየፍ አዳራሽ ግብር የተበላባት ከተማ ናት። ከጦርነቱ በፊት የጣሊያን ቆንስላ ነበረባት። ሚያዝያ 1928 ጣሊያን ከተማዋን ያዘ፤ እስከ 1933ም ሹማምንቱና ነጋዴዎቹ ቤት አቁመው፣ ገበታ ዘርግተው ኖሩባት። ሲወጡ ሁሉንም ይዘው አልሄዱም። የቀይ ባሕር ንግድም አለ። ከአሰብ በኩል የመጣ፣ ከየመን ነጋዴ የተገዛ፣ በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ እዚህ የደረሰ ዕቃ ብዙ ነው። የአያታችሁ ሳጥን ውስጥ የበርሚንግሃም ማንኪያ ብታገኙ አትደነቁ።

ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የውጭ አገር ዕቃ ዓመታት እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ እንዴት እንደምናይ። ብርሃን ፊት ለፊት ሲመታው ብር ያብለጨልጭና ማህተሙ ይጠፋል። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ዝቅ አድርጋችሁ ከጎን ያዙት። ያኔ ጥላ ይፈጠርና ምልክቱ ብቅ ይላል። ሰዓት ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚሰኩት 10 ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ካገኛችሁ ደግሞ ሌላ ምንም አያስፈልግም። ካላገኛችሁ ስልካችሁ ፎቶ ያንሳና ፎቶውን አጉሉት።

ማህተሙ በጣም ያለቀ ከሆነ አንድ ዘዴ አለ። ሻማ ወይም ጧፍ አብሩና ማህተሙ ያለበትን ቦታ ጭሱ ላይ ለጥቂት ሰከንድ ያዙት። ጥላሸት ይይዛል። ከዚያ ስኮች ለጥፋችሁ በጥፍራችሁ ጫን ጫን አድርጉትና ቀስ ብላችሁ ላጡት። ነጭ ወረቀት ላይ ስትለጥፉት ማህተሙ እንደ ታተመ ይወጣል። ዕቃው አይጎዳም፤ ጥላሸቱ በሳሙና ይለቃል። ይሄ ወረቀት የዕቃችሁ መታወቂያ ስለሆነ አትጣሉት።

አመድ፣ አሸዋ፣ የብረት ሽቦ፣ የጥርስ ሳሙና የሚባል ነገር ግን አይንካው። ብር ለስላሳ ነው። በየበዓሉ በአመድ የተፈተገ ማንኪያ አበባው ይጠፋል፤ ከአበባው በፊት ግን ማህተሙ ይጠፋል። «ጠቆረብኝ» ብላችሁ ደግሞ አትጨነቁ። አብሽሩ። ጥቁረቱ ብሩ አየር ላይ ካለ ድኝ ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ስስ ሽፋን ነው፤ ዕቃው ተበላሸ ማለት አይደለም። ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙናና ለስላሳ ጨርቅ ይበቃዋል።

የት እንደምናይም ልንገራችሁ። ማንኪያና ሹካ ከሆነ እጀታው ጀርባ ላይ ነው። እስከ 1780 አካባቢ እንግሊዞች ማህተሙን ወደ ማንኪያው አፍ ጠጋ አድርገው፣ እጀታው ከሚቀጥንበት ቦታ ላይ ይመቱት ነበር። ከዚያ በኋላ ወደ እጀታው ጫፍ ሄደ። ስለዚህ ማህተሙ ያለበት ቦታ ራሱ ዕድሜ ይናገራል። ክዳን ያለው ዕቃ ከሆነ ክዳኑንም አገላብጡ። ክዳኑ ላይ ማህተም ከሌለ ወይም የተለየ ከሆነ ክዳኑ ከሌላ ዕቃ የመጣ ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ እንግሊዞቹ። እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም የእነሱን ሥርዓት የገባው ሰው የሌላውን አገር ለመረዳት አይቸገርም።

ንጹሕ ብር ለዕቃ ስለሚለሰልስ መዳብ ይቀላቀልበታል። መዳቡ ሲበዛ ግን ገዢው ይታለላል፤ በዓይን አይቶ ማወቅ አይችልም። እንግሊዞች በ1300 በንጉሥ ኤድዋርድ 1ኛ ጊዜ ሕግ አወጡ። የብር ዕቃ ተፈትሾ የነብር ራስ ሳይመታበት ከሠሪው እጅ አይውጣ አሉ። በ1363 ሠሪው የራሱን ምልክት እንዲመታ ታዘዘ። በ1478 የዓመት ፊደል መጣ። በ1544 ደግሞ የሚራመደው አንበሳ ተጨመረ። ዋናው ነገር ልብ በሉ፤ ፈታሹ ሌላ፣ ሠሪው ሌላ ነው። ሠሪው ስለ ራሱ ዕቃ ብቻውን አይመሰክርም። የእንግሊዝ ማህተም ለዘመናት የታመነው በዚህ ነው።

ከፊት ወንበር ከተቀመጡት እናቶች አንዷ ቀደም ብለው አንድ የሾርባ ማንኪያ አሳይተውኛል። እንዳወራበትም ፈቅደውልኛል። እጀታው ጀርባ ላይ አምስት ምልክት አለ። አንደኛው አንድ እግሩን አንሥቶ ወደ ግራ የሚራመድ አንበሳ ነው። ይሄ «ብሩ ከ1000 እጅ 925 እጁ ንጹሕ ነው» ማለት ነው። ሁለተኛው ፊት ለፊት የሚያይ የነብር ራስ፣ ዘውድ የሌለው። ለንደን ተፈትሿል ማለት ነው። የለንደን ነብር እስከ 1821 ዘውድ ነበረው፤ ከዚያ በኋላ ዘውዱ ወለቀ። ስለዚህ ማንኪያው ከ1821 ወዲህ ነው።

ሦስተኛው ፊደል ነው፤ ትልቁ የእንግሊዝኛ «ኬ»። የለንደን ፊደል በ20 ዓመት አንድ ጊዜ ይዞራል። ከ«ኤ» ይጀምርና «ጄ»ን ዘልሎ «ዩ» ላይ ያበቃል። ከዚያ የፊደሉን ዓይነት ቀይሮ እንደገና ይጀምራል። ጥምዝምዝ ያለው ትንሹ «ኬ» 1865ም 1925ም ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለው ትንሹ «ኬ» 1825ም 1905ም ሊሆን ይችላል። ቀጥ ያለው ትልቁ «ኬ» ደግሞ 1885 ወይም 1945። የእናታችን ማንኪያ ትልቁ ነው። ታዲያ የትኛው? መካከላቸው 60 ዓመት አለ።

መልሱ አራተኛው ምልክት ላይ ነው። ትንሽ የሴት ራስ አለች፤ ንግሥት ቪክቶሪያ ናት። የነጋሹ ራስ የሚመታው የብር ቀረጥ መከፈሉን ለማሳየት ነበር። ይሄ ቀረጥ በ1784 ተጀምሮ በ1890 ቀረ። በ1945 በተሠራ ማንኪያ ላይ ይቺ ራስ ልትገኝ አትችልም። ስለዚህ 1885 ነው። የለንደን ፊደል የሚቀየረው በግንቦት ስለነበር የ1886 መጀመሪያም ሊሆን ይችላል። ፊደሉ ያለበት ጋሻ ቅርጽም በየዙሩ ይለያያል፤ እሱም ከዓመት ፊደላቱ ሰንጠረዥ ጋር ሲመሳከር ይስማማል።

አምስተኛው የሠሪው ስም መነሻ ፊደላት ናቸው። እነዚህ ከለንደኑ መዝገብ ጋር ይመሳከራሉ። አንድ ዓይነት ፊደል ያላቸው ብዙ ሠሪዎች ስላሉ የፊደሉን አጻጻፍና የክፈፉን ቅርጽ ሳታዩ ስም አትስጡ። ምሳሌ ልስጣችሁ። ቅጥልጥል ባለ የእጅ ጽሑፍ «ኤች ቢ» የሚል ማህተም አለ። የሄስተር ቤትማን ናት። ባሏ ሲሞት የብር ሥራውን ተረክባ በ1761 ለንደን ውስጥ የራሷን ማህተም አስመዘገበች፤ እስከ 1790ም ቤቱን መራች። እነዚያው ሁለት ፊደላት በቀጥታ ፊደል ከተመቱ ግን የሌላ ሰው ናቸው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይቸኩላል። መነሻ ፊደል አይቶ ታዋቂ ስም ይለጥፍበታል፤ ዋጋውንም በዚያ ይሰቅላል። ይሄ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም እውነተኛው ሠሪ ለሁለተኛ ጊዜ ይረሳል።

የእናታችን ቤተሰብ «ማንኪያው የጣሊያን ጊዜ ነው» ይላል። ማህተሙ ለንደን፣ 1885 ይላል። ማን ዋሸ? ማንም አልዋሸም። ማህተም ዕቃው የተወለደበትን ይናገራል እንጂ የተጓዘበትን መንገድ አይናገርም። ለንደን የተሠራ ማንኪያ በሃምሳ ዓመቱ ደሴ ቢገባ ምን ይገርማል? መንገዱን የምታውቁት እናንተ ናችሁ። «አያቴ ከእገሌ ቤት በሠርግ ስጦታ አገኘችው» የሚለው ወሬ ከማህተሙ ጎን ካልተጻፈ ግማሹ ታሪክ ይጠፋል።

የሌሎቹን ከተሞች ቶሎ ልበል። መልሕቅ ካያችሁ በርሚንግሃም ነው። ዘውድ ካያችሁ ሼፊልድ፤ በ1975 ዘውዱ በጽጌረዳ ተተክቷል። ባለሦስት ግንብ ቤተ መንግሥት ኤድንብራ። ዘውድ የደፋ በገና ደብሊን። በርሚንግሃምና ሼፊልድ የራሳቸውን መፈተሻ ያገኙት በ1773 ነው። ከዚያ በፊት የበርሚንግሃሙ ባለ ፋብሪካ ማቲው ቦልተን ዕቃውን እስከ ቼስተር ድረስ ልኮ ያስመታ ነበር። በየመንገዱ እየተጫረበት ሲማረር ነው ለፓርላማ ያመለከተው። ባሕር በሌለበት ከተማ መልሕቅ እንዴት ምልክት ሆነ ለሚለው፣ አመልካቾቹ ለንደን ውስጥ «ዘውድና መልሕቅ» በሚባል መጠጥ ቤት ይሰበሰቡ ስለነበር ሁለቱ ከተሞች ተካፈሉት ይባላል። አፈ ታሪክ ነው፤ ግን ለማስታወስ ይረዳል።

አሁን ብዙ ሰው የሚያዝንበት ነገር ላይ ደረስን። «ኢ.ፒ.ኤን.ኤስ.» (EPNS) የሚል አራት የእንግሊዝኛ ፊደል ካያችሁ ዕቃው ብር አይደለም። የብር ቅብ ነው። ኤልኪንግተን የተባለው የበርሚንግሃም ድርጅት በ1840 በኤሌክትሪክ የመቀባትን ዘዴ በስሙ አስመዘገበ። ከዚያ ወዲህ በዓለም ላይ በሚሊዮን የሚቆጠር ማንኪያ፣ ትሪና የሻይ ዕቃ በዚህ መንገድ ተሠርቷል። ውስጡ የመዳብ፣ የኒኬልና የዚንክ ቅልቅል ነው። ቅልቅሉ «ኒኬል ብር» ይባላል እንጂ ብር የሚባል ነገር የለበትም። ጣሊያኖችና ጀርመኖች «አልፓካ» ይሉታል። ይሄም ከተጻፈበት ያው ነው።

ተንኮሉ ምን ላይ ነው? አራቱን ፊደላት በየራሳቸው ትንንሽ ጋሻ ውስጥ ከትተው ይመቷቸዋል። ከሩቅ ሲታይ የእንግሊዝ የብር ማህተም ይመስላል። አንዳንዱ ዘውድም ይጨምርበት ነበር፤ የሼፊልድ ዘውድ እንዲመስል። ይሄ ነገር እየበዛ ሲሄድ በ1896 አካባቢ በቅብ ዕቃ ላይ ዘውድ መምታት ቀረ። «ሼፊልድ» የሚል ጽሑፍ ብቻውን ምንም ማረጋገጫ አይደለም። አንበሳው የት አለ? ብላችሁ ጠይቁ። አንበሳ የሌለበት የእንግሊዝ ዕቃ ላይ «ብር ነው» ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ።

ማህተሙ ካለቀስ? ብዙ የሚነካውን ቦታ እዩ። ማንኪያው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ከሥር የሚያርፍበትን ቂጡን፣ የሹካውን ጥርስ ጫፍ። እዚያ ቢጫ ወይም ግራጫ ነገር ብቅ ካለ ቅቡ ተልጧል። ማግኔት ደግሞ አይበቃም። ማግኔት ብርን አይስብም፤ ግን ኒኬል ብርንም አይስብም። ማግኔት ከያዘው በእርግጥ ብር አይደለም። ካልያዘው ግን ገና ምንም አላወቃችሁም።

የብር ቅብ ዕቃ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ አትጣሉት። ደህና ሠሪ የሠራው፣ ሙሉ ስብስቡ ያልተበተነ ዕቃ ራሱን የቻለ ዋጋ አለው። የእናታችሁ የሻይ ትሪ ቅብ መሆኑ እናታችሁ ሻይ ያቀረቡበት መሆኑን አይፍቀውም። ሲሸጥ በእውነተኛ ስሙ ይሸጥ ነው የምለው።

ወደ ሌሎቹ አገሮች እንሂድ። ጀርመኖች ከ1888 ጀምሮ ግማሽ ጨረቃና ዘውድ ይመታሉ፤ ከጎኑ 800 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ቁጥር አለ። እዚህ ላይ ገንዘብ የሚያስበላ ነገር ልንገራችሁ። 900 ብር ነው፤ 90 ግን ቅብ ነው። 90 ማለት 12 ማንኪያና 12 ሹካ ለመቀባት 90 ግራም ብር ዋለ ማለት ነው። አንዲት ዜሮ የዋጋውን ነገር ሰማይና ምድር ታደርገዋለች።

ፈረንሳዮች ከ1838 ወዲህ የራስ ቁር ያደረገች የሴት ራስ ይመታሉ፤ ሚኔርቫ ትባላለች። ከፊቷ 1 ቁጥር ካለ 950፣ 2 ካለ 800 ነው። የሠሪው ምልክት በቁሙ በቆመ ሰያፍ አራት ማዕዘን፣ የካርታው «ዳይመንድ» ዓይነት ክፈፍ ውስጥ ይገባል። በእኩል ካሬ ውስጥ ከሆነ ግን ዕቃው ቅብ ነው። ክሪስቶፍል የሚባለውን የፈረንሳይ ሠሪ ማንኪያዎች አገላብጣችሁ እዩ፤ ብዙዎቹ ካሬ ናቸው፤ ያማሩ ቅቦች ናቸው።

ሩሲያዎች በ1000 አልነበረም የሚቆጥሩት። ንጹሕ ብር 96 ዞሎትኒክ ይባል ነበር። ስለዚህ 84 የሚል ቁጥር ካያችሁ 875 ማለት ነው። ከ1899 ገደማ ጀምሮ የባህል ቆብ ያደረገች ሴት በጎን ትታያለች። እስከ 1908 ወደ ግራ ታያለች፤ ከዚያ በኋላ ወደ ቀኝ። ከኦቶማን ግዛት የመጣ ዕቃ ላይ ደግሞ ቱግራ የሚባለው የሱልጣኑ ጥምዝ ፊርማ ይገኛል። ፊርማው የየሱልጣኑ ስለሆነ ዐረብኛ የሚያነብ ሰው ስሙን ለይቶ ዘመኑን ይነግራችኋል። እዚህ ደሴ ዐረብኛ የሚያነብ ሼህ ስለማይጠፋ በዚህ በኩል ከብዙ አገር ሰብሳቢዎች እንሻላለን።

ጣሊያን ላይ ግን ቆም እንበል፤ ለእኛ ከተማ ይሄ የተለየ ነው። የድሮ የጣሊያን ብር ብዙውን ጊዜ 800 የሚል ቁጥርና የሠሪ ምልክት ብቻ ነው ያለው። በ1934 አዲስ ሕግ ወጣ። ከ1935 ጀምሮ ሠሪው ቁጥር ተሰጠው፤ ቁጥሩ ከክፍለ ሀገሩ መነሻ ፊደላት ጋር በሰያፍ ክፈፍ ውስጥ ይመታል። ከጎኑ ደግሞ የፋሺስቶቹ ምልክት አለ፤ የዘንግ እስር ውስጥ የተሰካ መጥረቢያ። በ1944 መጥረቢያው ተነሣ። በ1968 ክፈፉ ተቀይሮ ኮከብ ገባበት።

ይሄን በደሴ ዓይን እዩት። ሹካችሁ ላይ የዘንግ እስርና መጥረቢያ ካለ ከ1935 እስከ 1944 ባለው ጊዜ የተሠራ ነው። ከወረራው ጊዜ ጋር ገጥሞ ይሄዳል። የሚላኖ ፊደል ካለበት ሚላኖ፣ የፊሬንዜ ካለበት ፊሬንዜ ተሠርቷል። ቁጥሩ ደግሞ እስከ ሠሪው ድረስ ይወስዳችኋል። ኮከብ ካለበት ግን ከ1968 ወዲህ ነው። ሻጩ «የጣሊያን ጄኔራል ዕቃ ነው፤ ከጦርነቱ የቀረ ነው» ቢል፣ ቢምል ቢገዘት አትስሙት። ኮከቡ ጄኔራሉ በፈረንጆቹ 1941 ከሄደ ከ27 ዓመት በኋላ የመጣ ነው። የጠላትን ምልክት ያለበትን ዕቃ መፋቅ የሚፈልጉ ሰዎችም አጋጥመውኛል። ስሜታቸው ይገባኛል። አትፋቁት እላለሁ። እዚህ እንደነበሩ የሚመሰክር ነገር ነው፤ ምስክር ደግሞ አይጠፋም።

ማህተም ሐሰት ሊሆን ይችላል ወይ? አዎ። በጣም የተለመደው ከትንሽ ያረጀ ዕቃ ላይ ማህተሙን ቆርጦ ትልቅ ዕቃ ላይ መበየድ ነው። ይሄን ለማወቅ ማህተሙ ዙሪያ እፍ ሳይሆን ሃ ብላችሁ ተንፍሱበት። ብሩ ላብ ሲይዝ የብየዳው መስመር ለአንድ አፍታ ይታያል። ሌላው ዕቃውን ከነማህተሙ በቅርጽ ማፍሰስ ነው። በመዶሻ የተመታ ማህተም ጠርዙ ስለት አለው። በቅርጽ የፈሰሰ ማህተም ጠርዙ ይደበዝዛል፤ በመነጽር ሲታይ ጥቃቅን ቀዳዳ አለው። የስድስት ማንኪያ ማህተም በአንድ ቦታ፣ በአንድ ዘንበል፣ በአንድ ጭረት ከተመሳሰለ ተጠራጠሩ። የሰው እጅ ስድስት ጊዜ አንድ ዓይነት አይመታም።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። የእኛ አገር አንጥረኛ ማህተም አይመታም ነበር። መስቀሉ፣ ድሪው፣ አልቦው፣ የክታብ ማኅደሩ፣ የጆሮ ኩክ ማውጫው ስም የለበትም። ስለዚህ «ማህተም የለውምና ዋጋ የለውም» የሚል ነጋዴ አለ። ይሄ ትክክል አይደለም። ሌላ ዓይነት ንባብ ነው የሚፈልገው።

ንባቡ የሚጀምረው ከጠገራ ብር ነው። የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ከጥቂት ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833 እጁ ብር ነው። የአገራችን አንጥረኞች ዋና ጥሬ ዕቃ ይሄ ነበር። ጠገራ ቀልጦ የተሠራ ንጹሕ ሥራ ሲፈተሽ ወደ 83 ከመቶ የሚጠጋውም ለዚህ ነው። ከዚያ በጣም ካነሰ መዳብ ተጨምሮበታል። 925 ከወጣ ደግሞ ብሩ ከሌላ ቦታ የመጣ ነው፤ ምናልባት አዲስ ሥራ ነው።

ጠገራው ራሱ ደግሞ ትልቅ ትምህርት ነው። አንዱን ላንሣና ላሳያችሁ። የንግሥቲቱ ራስ አለ፤ ከሥሩ «ኤስ» እና «ኤፍ» የሚሉ ሁለት ፊደላት አሉ። የጉንዝቡርግ ማተሚያ ሹማምንት የሾብልና የፋቢ መነሻ ናቸው። ጠርዙ ላይ በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ዙሪያውን ተጽፏል። በጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር አለ፤ ዓመቱ 1780 ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያ ዓመት ነው። ግን ከዚያም በኋላ፣ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን ድረስ ሁሉም በ1780 ነው የታተመው። ሙሶሊኒ አገራችንን ለመውረር ሲዘጋጅ በ1935 ቅርጹን ከቪየና ወስዶ ሮም ውስጥ ማተም ጀመረ። ፓሪስ፣ ለንደን፣ ብራስልስና ቦምቤይም አትመዋል። የት እንደታተመ የሚለየው በጥቃቅን ነገር ነው፤ በንስሩ ጅራት ላባ፣ በንግሥቲቱ የደረት ጌጥ ዕንቁ። ስለዚህ አንድ ሰው «የ1780 ጠገራ ነው» ብሎ ዋጋ ሲሰቅል ዕቃው ላይ የተጻፈ ዓመትና ዕቃው የተሠራበት ዓመት ሁለት ነገር እንደሆነ አስታውሱ።

የዳግማዊ ምኒልክ ብርም አለ። 835 ነው። በእኛ አቆጣጠር 1887 የሚለው በግዕዝ ቁጥር ተጽፎበታል፤ አንበሳው ባለበት ገጽ ደግሞ ትንሽ የላቲን «ኤ» አለች። የፓሪስ ማተሚያ ቤት ምልክት ናት። ብዙ ሰው ይሄን ብር በእጁ ይዞ ኖሮ ያቺን ፊደል አያውቃትም።

የሠሪው እጅ የሚታወቀው በጀርባ በኩል ነው። የመስቀሉን ጀርባ እዩ፤ የሞረድ ጭረት አለ፣ የብየዳ ነጥብ አለ። ሽቦው በእጅ የተሳበ ከሆነ ውፍረቱ አንድ ዓይነት አይደለም። ማንጠልጠያው የተበላበት አቅጣጫ ለስንት ዘመን አንገት ላይ እንደዋለ ይናገራል። የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ላይ ደግሞ «ዝንቱ መስቀል» ብሎ የሚጀምር፣ የሰጪውንና የደብሩን ስም የሚጠራ ጽሑፍ ይገኛል። ይሄ ከማንኛውም የአውሮፓ ማህተም ይበልጣል። እንዲህ ያለ ዕቃ ገበያ ላይ ካያችሁ ግን አትግዙት። የደብሩ ንብረት ነው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረትም ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

እዚህ ደሴ አንጥረኛ አያት ወይም አባት የነበራችሁ ልጆች ካላችሁ ልለምናችሁ። መዶሻቸው፣ መምቻቸው፣ ቅርጻቸው ቤት ካለ አትጣሉት። የአበባው መምቻ ቤታችሁ ካለ፣ ያ አበባ ያለበት አምባር የማን ሥራ እንደሆነ የሚያረጋግጠው እሱ ነው። ስማቸው መዝገብ ውስጥ ያልገባ ሠሪዎች ስም የሚገኘው በዚህ መንገድ ብቻ ነው።

የመጨረሻው ነገር መመዝገብ ነው፤ ለምን አጥብቄ እንደምናገር ታውቃላችሁ። በ2014ቱ ጦርነት የከተማችን ሙዚየም ተዘርፏል። የብዙ ሰው ቤትም ተዘርፏል። የጠፋ ዕቃ ነገ አንድ ቦታ ብቅ ቢል «የኔ ነው» ለማለት ምን ማስረጃ አለን? «የብር ማንኪያ ነበረኝ» ማለት አይበቃም። «የለንደን፣ ትልቁ ኬ፣ የንግሥቲቱ ራስ፣ የሠሪው ፊደል እንዲህ ያለ፣ እጀታው ጫፍ ላይ ትንሽ ስርጉድ አለው» ያለ ሰው ግን ይሰማል።

ስለዚህ ዛሬ ማታ ቤት ስትገቡ ዕቃውን ከፊትና ከጀርባ ፎቶ አንሡ። ማህተሙን ከጎን ብርሃን አስጠግታችሁ አንሡ። በኩሽና ሚዛን መዝኑት፤ ርዝመቱን ለኩ። የተጣመመ፣ የተጠገነ፣ የተቀረጸ ስም ካለ ጻፉ። ከዚያ ቤት ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ አጠገባቸው ቁጭ በሉና «ይሄ ከማን መጣ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ያሉትን በእነሱው አፍ ጻፉት። እርግጠኛ ያልሆኑበትን «እርግጠኛ አይደሉም» ብላችሁ ጻፉ። ወረቀቱን ከዕቃው ጋር አታስቀምጡት፤ ዕቃው ሲሄድ አብሮ ይሄዳል። ፎቶውን ሌላ ከተማ ላለ ዘመድ ላኩት። ዕቃውን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልሉ፤ በጎማ ላስቲክ አትሰሩት፣ ጎማ ድኝ ስላለው ያጠቁረዋል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ መብራት አለ፣ መነጽር አለ፣ ሻማና ስኮች አለ። ከግራ ረድፍ እንጀምር። እማማ፣ እርስዎ ይቅደሙ።